ሽማግሌው የተላከው ወደ ባሏ ነበር

(ደሴ ላይ ለሴቶች መረዳጃ ማኅበራት፣ ለቅሬና ለእድር ተወካዮች የቀረበ ንግግር)

አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋላችሁ። የተከበራችሁ የቅሬና የእድር ተወካዮች፣ ከኮምቦልቻ ድረስ የመጣችሁ ልጆቼ፣ የቀበሌ አመራሮች፣ ከሚስቶቻችሁ ጋር አብራችሁ የተገኛችሁ ወንድሞቼም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

የተጠራሁት ስለ መራጮች ምዝገባ እንድናገር ነው። እናገራለሁ። በፊት ግን ውስጤ ያደረ ነገር አለ። እሱን ካልተነፈስኩ ሌላው አይወጣልኝም።

ሰኞ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጥ ጎረቤት አለችኝ። ስሟን አልጠራም፤ ብዙዎቻችሁ ታውቋታላችሁ። የሰፈራችን የሴቶች ቅሬ ገንዘብ ያዥ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ከራያ፣ ከቆቦና ከወልድያ የተፈናቀለው ወገን ትምህርት ቤቶቻችንን ሲሞላ፣ ድስት የሰበሰበችው እሷ ናት። በየቤቱ እየዞረች ዱቄት የለመነችው፣ ዛሬ ማን ይጋግራል፣ ነገ ማን ብላ ተራ ያወጣችውም እሷው ናት። ደብተሯን አይቼዋለሁ። በአንድ በኩል የሰጪው ስም፣ በሌላው በኩል ኪሎው። አንዲት ጣሳ ዱቄት አልጎደለችም። በ2014 ከተማችን ስትያዝ ደብተሩን እህል ጆንያ ውስጥ ቀብራ አቆየችው። ለምን ስላት «የሰው አደራ አይደል?» አለችኝ።

ይህች ሴት ለቀበሌ ምክር ቤት ልወዳደር ብላ ተነሳች። ሽማግሌ ተላከ። ወደ እሷ እንዳይመስላችሁ። ወደ ባሏ!

ሦስት የተከበሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ደርበው ማታ መጡ። ቡና ያፈላችላቸው እሷ ናት። አቦሉን ሲጠጡ ስለ ዝናቡ አወሩ። ቶናው ላይ ስለ ጤፍ ዋጋ። በረካው ላይ ሲደርሱ ትልቅየው ጉሮሮውን ጠረገና ባልየውን «እንግዲህ ቤትህን ያዝ። የሚስት ስም በየስብሰባው ሲነሳ ለአንተም ለልጆችህም አያምርም» አለው። እሷ እዚያው ረከቦቱ ፊት ተቀምጣለች። አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩዋትም። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያላት የለም። ባልየው ደግ ሰው ነው፤ ይወዳታልም። ግን ይሉኝታ ያዘው። «ለሰላም ሲባል ተይው» አላት። ተወችው።

እስቲ ንገሩኝ። ዱቄት ስትለምን ስሟ በየደጁ ሲጠራ ያላሳፈረ፣ ወንበር ላይ ሲደርስ ለምን ያሳፍራል? የተራበውን ለማብላት የታመነች ሴት፣ የቀበሌ በጀት ለመቆጣጠር የማትታመነው በምን ሂሳብ ነው?

«ባህላችን አይደለም» ይሉናል። የማን ባህል? የወሎ ከሆነ ታሪኩን እናውቀዋለን። ወሎን ወርቂት ገዝታለች፤ መስታወትም ገዝታለች። በ1857 ዓ.ም. ምኒልክ ከአጼ ቴዎድሮስ እስር ከመቅደላ ሲያመልጡ የገቡት በወርቂት እጅ ነው። ልጇ አጼ ቴዎድሮስ ዘንድ እስረኛ ነበር። ምኒልክን ብትመልስ ልጇን ታተርፍ ይሆናል። አልመለሰችም። አሳልፋ ወደ ሸዋ ሸኘቻቸው፤ ልጇም ተገደለ። የአገር ታሪክ የቀየረ ውሳኔ ነው። የወሰነችው የወሎ ሴት ናት። ስንቶቻችን ፊደል የቆጠርንበት ትምህርት ቤትስ የሚጠራው በማን ስም ነው? በወይዘሮ ስሂን አይደለም እንዴ? ሴት ልጅን ከአደባባይ የሚያስቀር ባህል ከፈለጋችሁ ከሌላ አምጡት፤ በወሎ አታመካኙ!

ሕጉም ቢሆን ትናንት የመጣ አይደለም። ሴት በዚህ አገር የመምረጥ መብት ያገኘችው ከ1948ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ ነው። በ1950 ዓ.ም. ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው ፓርላማ ገቡ። በ2013ቱ ምርጫ በተቋቋመው የተወካዮች ምክር ቤት ከመቶ 40 በላይ ሴቶች ናቸው። ደስ ይለኛል። ነገር ግን አዲስ አበባ ያለው ወንበር ስለሞላ እዚህ ያለው ተረሳ። የሰፈር ውሃ፣ የጤና ጣቢያ መድኃኒት፣ የገበያ ቦታ የሚወሰነው ከክልል እስከ ቀበሌ ባለው ምክር ቤት ነው። ጀሪካን ይዞ የሚሰለፈው ማን ሆነና?

ስብሰባ ሲኖርማ እንፈለጋለን። ነጭ ልበሱ፣ ፊት ተቀመጡ፣ እልል በሉ እንባላለን። እልል ብለን እንመለሳለን። የእጩ ስም ሲጻፍ ግን የሚጠሩን የሉም። ስብሰባው የሚጠራው ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት ነው፤ ሴቱ ሁሉ ምድጃ ላይ ባለበት ሰዓት። ከዚያ «ሴቶች አልመጡም» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ይያዛል። አልመጡም አይደለም፤ እንዳይመጡ ተደርጎ ነው የተጠራው!

ወደ ምዝገባው ልግባ። የኮምቦልቻ ልጆች፣ በተለይ እናንተን ነው። ከቃሉ፣ ከወረባቦ፣ ከተሁለደሬ መጥታችሁ፣ አንድ ክፍል ለሦስት ተከራይታችሁ ፋብሪካ የምትሠሩ፣ «እኔ ለዚህ ከተማ እንግዳ ነኝ» እያላችሁ ትቀራላችሁ። አይደላችሁም። ሕጉ የሚጠይቀው ኢትዮጵያዊነት፣ 18 ዓመትና በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር መኖር ነው። ስድስት ወር ከሞላችሁ መራጭ ናችሁ። ምዝገባ ሲከፈት የመጨረሻውን ሳምንት አትጠብቁ፤ ሺፍታችሁን ተቀያየሩና ሂዱ።

የምርጫው ቀን ሁለት ወረቀት ይሰጣችኋል። አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት ነው። የክልሉን አቅልላችሁ አትዩት። ማንበብ የማትችሉ እናቶች አብሽሩ፤ ከእያንዳንዱ እጩ ጎን ምልክት አለ፣ አሻራም ይሠራል። ድምፃችሁ ምስጢር ነው። ባልም ልጅም ሊያየው አይገባም።

ለቀበሌ አመራሮች አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ቀጣዩን ስብሰባ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጥሩት። ይቻላል አይቻልም የሚለውን ዛሬ እዚሁ ሕዝብ ፊት መልሱልን።

እናንተ የቅሬ ጸሐፊዎች ደግሞ እንዳትበተኑ። በሩ አጠገብ ጠረጴዛና መዝገብ አለ። በየቅሬያችሁ ለምክር ቤት ትሆናለች የምትሏትን ሴት ስም አስመዝግቡ። ፈቃደኝነቷን የምንጠይቀው እሷኑ ነው።