ሳይቆጠር አይፈቀድ

ክቡራን እንግዶች፣ አባ ገዳዎች፣ ሃደ ሲንቄዎች፣ የድንሾና የሮቤ ወገኖቼ፤ እንደምን አደራችሁ!

ስለ ደጋ አጋዘን አጠር አድርገው ይናገሩ ተብያለሁ። እሞክራለሁ።

ለእንግዶቻችን ያህል፣ ይህ እንስሳ ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ ካሉት ደጋዎቻችን በቀር በዓለም የትም የለም። ሳይንስ ስም የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ እሱም አንድ እንግሊዛዊ አዳኝ ተኩሶ ከጣለው በኋላ። አሥር ሳንቲማችን ላይ ቀርጸነው ነበር። ሳንቲሙ ቀድሞት ጠፋ!

1983ን እዚህ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ያስታውሳል። ደርግ ወድቆ ሌላው እስኪተካ ጠመንጃ በየቤቱ ገባ። ፓርካችን ውስጥ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በመንጋ ይሰማራ የነበረው አጋዘን ወደ 150 ገደማ ወረደ። መልሶ የበዛው እናንተ ስለጠበቃችሁት ነው።

ከአደን ሕጉ ጋር ጠብ የለኝም። በፓርክ ውስጥ ክልክል ነው። ለአደን በተከለሉ ቦታዎች ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው፣ በኮታ፣ ወንዱን ብቻ ያድናል። መልካም። ኮታው ከየት ይመጣል? ከቆጠራ። ቆጠራውስ?

ስካውት፣ የዱር እንስሳት ጠባቂ፣ ሳለሁ ቆጣሪዎች መጡ። መኪናቸውን ጭቃ ይዟት እኩለ ቀን ሆነ። በዚያ ሰዓት አጋዘን ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? አስታው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ያመሰኳል። «የታለ?» አሉኝ። ኮቴውን አሳየኋቸው፤ በጠጡን አሳየኋቸው፤ ነገ በማለዳ እንውጣ አልኳቸው። አበላቸው ለዛሬ ብቻ ነው። አንደኛው፣ ጃኬቱ ከደመወዜ የሚበልጥ ልጅ፣ ደብተሩን ገልጦ «ባለፈው ስንት ተብሎ ነበር?» አለኝ። ነገርኩት። ጻፈው። «ጥበቃው ጥሩ ነው» ብሎ ጥቂት ጨመረበት። ከዚያ ምሳ ጋበዙኝ፤ ጥብሱ ጥሩ ነበር፣ አልዋሽም። የዚያ ዓመት ፈቃድ የወጣው በዚያ ቁጥር ነው!

ሴቷ አትነካም ይሉናል። ቀንደ ረጅሙን እየመረጡ በየዓመቱ ሲያነሱ ለሴቶቹ የሚቀራቸው ጎረምሳ ብቻ አይደለም ወይ? ወረቀት ላይ የበዛ አጋዘን አይወልድም! ባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 የዓለም ቅርስ ሲባል ጨፍረናል። ለዓለም የምናሳየው የደብተሩን አጋዘን ነው?

ስለዚህ ቆጠራው ማለዳና አመሻሽ ይሁን። የአካባቢው ሽማግሌ አብሮ ይቁጠር። ውጤቱ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍ። ያልተቆጠረ ጫካ የዚያ ዓመት ኮታው ዜሮ ይሁን። ዜሮ!

ስለ ወጥመድና ስለ ውሾችም ጽፌ ነበር፤ ሰዓቱ ሄደ። ሽቅብ የሚወጣው እርሻ ከጥይቱ ይብሳል፤ እሱን ባለሙያዎቹ ከሰዓት በኋላ ያነሱታል።

የኮታውን ወረቀት የሚፈርሙት ኃላፊ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። መልሳቸውን ከሻይ ዕረፍቱ በፊት ብሰማ ደስ ይለኛል። አመሰግናለሁ።