ከነአባታችሁ ስም

የተከበራችሁ የሐረርና የሐረማያ እንግዶቻችን፣ የዚህ ቤት ልጆች፣ ከሁሉ በፊት ከፊት ለፊታችን የተቀመጡት እማማ፣ እንደምን ዋላችሁ!

ይህ ቤት ታቅዶ የተከፈተ አይደለም። በ1970 የሶማሊያ ጦር እስከ ሐረር ዳርቻ በደረሰ ጊዜ፣ ያኔ ዓለማያ ይባል በነበረው ሐይቅ አጠገብ ባለችው በዚህች እርሻ ደጃፍ ከወላጆቻቸው የተለያዩ ሦስት ሕፃናት ተገኙ። አባባና እማማ ዘመድ እስኪመጣ ብለው አስገቧቸው። ዘመድ አልመጣም። እኔ የ1977ቱ ድርቅ ያመጣኝ ነኝ።

ማሽላ፣ ድንች፣ ሽንኩርትና ሁለት ላሞች ናቸው ያሳደጉን። ትልልቆቹ በዶማ ስንቆፍር፣ ትንንሾቹ ጥንቅሽ እየላጡ ከማሽላው ወፍ ይጠብቃሉ። የእማማ የበኩር ልጅ ያጠረውን ሱሪ እኔ ለበስሁ፤ እኔን ያጠረኝን ደግሞ የእማማ የመጨረሻ ልጅ ለበሰው።

በአንድ ነገር ግን አባባን ለዓመታት ተቀይሜያቸው ነበር። ስማቸውን አልሰጡኝም። ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን፣ ጉዲፈቻ ቃሉም ሥርዓቱም የእነሱ ነውና፣ «ካሳደግኸው በስምህ ይጠራ እንጂ» ይሏቸው ነበር። አባባ ግን «አባቱ የተወለት ይህንን ብቻ ነው፤ እሱንም እኔ ልውሰድበት?» ብለው በመዝገባቸው ላይ የአባቴን፣ የአያቴንና የመንደሬን ስም ጻፉ። አድጌ ወደ ትውልድ መንደሬ ስሄድ ፊቴን ያወቀ ሰው አልነበረም። የአባቴንና የአያቴን ስም ስናገር ግን አንዲት ሴት ከጓሮ እየጮኸች ወጣች። አክስቴ ነበረች። ከዚያ ተመልሼ የአባባን ጉልበት ሳምሁ።

በ1990ዎቹ ሐይቁ ደረቀ። ድንች የምናጠጣበት ሞተር የሚስበው ውኃ አጣ፤ ላሞቹም ተሸጡ። ድሬዳዋ ወርደን ሥራ የያዝነው ልጆች ከደመወዛችን እህል እየገዛን ወደዚህ እንልክ ነበር።

በሐምሌ 1998 መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን በመታ ጊዜ፣ አባባ በዚያ እርጅናቸው የደንገጎን ቁልቁለት ወደ ከተማው ወረዱ። ይዘዋት የመጡት ሕፃን የአባትሽ ስም ማን ነው ስትባል «አባዬ» ብቻ አለች። ለወራት ቀበሌ ለቀበሌ ጠየቁላት። መዝገቡን የከፈቱ ዕለት አጠገባቸው ነበርሁ። እስክሪብቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸውን ስም ጻፉ፤ ከጎኑም «እስኪገኝ ድረስ» ብለው ጨመሩ።

በ2010 የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ቀርቷል። ልጆቹ እዚሁ፣ በእኛ እጅ ናቸው። የሰው ልጅ የምታሳድጉ ሁሉ፣ እለምናችኋለሁ፣ ስለ ወላጆቹ የምታውቁትን ሳይረሳ ዛሬውኑ ጻፉለት።

አባባ ዛሬ በመካከላችን የሉም። መዝገባቸው ግን ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የምታነብልን ያቺው የደቻቱ ልጅ ናት። ስማችሁ ከነአባታችሁ ስም ሲጠራ እባካችሁ ተነሡና እማማ ይዩአችሁ።