«ሉክ ባክ»፦ ከጀርባዋ የምናያት ሰዓሊ

ሕሊና፦ ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የምናወራው ፊልም አጭር ነው፤ 58 ደቂቃ ብቻ። እኔ ግን ካየሁት ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሏል።

ናትናኤል፦ «ሉክ ባክ» ይባላል። አኒሜ ነው፣ ማለትም የጃፓን አኒሜሽን፤ ሲኒማ ቤት የገባው በሰኔ 2024 መጨረሻ ነው። ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምንጠራው። ዳይሬክተሩ ኪዮታካ ኦሺያማ ነው። ታሪኩ ግን የታትሱኪ ፉጂሞቶ ነው። በ2021 «ሾነን ጃምፕ ፕላስ» በሚባለው የኢንተርኔት መጽሔት ላይ በአንድ ጊዜ የወጣ፣ ከ140 ገጽ በላይ የሆነ ማንጋ፣ ማለትም የጃፓን የስዕል ታሪክ፣ ነበር። «ቼይንሶው ማን» የሚባለውን ማንጋውን የምታውቁ ሰውዬውን ታውቁታላችሁ።

ሕሊና፦ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል፤ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እናወራዋለን። ያላያችሁ ካላችሁ እዚህ ጋ አቁሙና አይታችሁት ተመለሱ። አማዞን ፕራይም ላይ ወጥቷል። በል ናቲ፣ ጀምር።

ናትናኤል፦ ፉጂኖ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ለትምህርት ቤቱ ጋዜጣ ባለ አራት ሳጥን ካርቱን ትስላለች። ክፍሉ በሙሉ ያደንቃታል። እሷ ደግሞ ቶሎ ብላ የሞነጨረችው አድርጋ ታወራለች። እኛ ግን ሌሊቱን ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ አይተናታል። ከዚያ መምህሩ ይመጣና ጋዜጣው ላይ ካላት ቦታ ለአንዲት ልጅ ታካፍላት እንደሆነ ይጠይቃታል። ልጅቷ ክዮሞቶ ናት። ትምህርት ቤት አትመጣም፣ ከቤትም አትወጣም።

ሕሊና፦ ፉጂኖም «ትምህርት ቤት መምጣት ያቃታት ልጅ ምን ትስላለች?» ብላ ትንቃታለች።

ናትናኤል፦ ጋዜጣው ሲወጣ የክዮሞቶ ስዕል ከፉጂኖ ጎን ታትሟል። ሰው የለበትም፣ ንግግር የለበትም። የትምህርት ቤቱ ሕንፃና ባዶው መተላለፊያ ብቻ። ግን አሳሳሉ! ክፍሉ ውስጥ ያለው ልጅ አይቶ «ከዚህ ጎን ሲታይ የፉጂኖ ስዕል ተራ ነገር ነው» ይላል። በቃ። ያቺ አንዲት አረፍተ ነገር ሁለት ዓመት ታስሮጣታለች።

ሕሊና፦ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የሴት ልጆች ቅናት ፊልም ላይ ስንት ጊዜ አይተናል? ሁሌም በወንድ ነው፣ በመልክ ነው፣ በልብስ ነው። ይቺ ልጅ የቀናችው በመስመር ነው! በመተላለፊያ ስዕል። ቅናቷ ደግሞ ክፉ አላደረጋትም፣ መጽሐፍ እንድትገዛ አደረጋት። የሰውነት አሳሳል ታጠናለች፣ ደብተር በደብተር ላይ ትጨርሳለች። ጓደኞቿን ትተዋለች። ቤተሰቧ ይጨነቃል፣ እህቷ «ካራቴ ነይ» ትላታለች። ካሜራው ግን ከጀርባዋ አይንቀሳቀስም። በመስኮቱ ወቅቱ ሲቀያየር እናያለን፣ እሷ እዚያው ናት።

ናትናኤል፦ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ግን የክዮሞቶን አዲስ ስዕል ታያለች፤ ለካ ክዮሞቶም ያን ሁሉ ጊዜ እየተሻሻለች ነበር። ፉጂኖ «በቃኝ» ብላ ታቆማለች።

ሕሊና፦ ያም ያለ ለቅሶ። እንደ ትልቅ ሰው ነው ያቆመችው፤ ያ ነው የሚያሳዝነው።

ናትናኤል፦ ከዚያ የትምህርት ማብቂያ ቀን መምህሩ የክዮሞቶን የምስክር ወረቀት ቤቷ እንድታደርስላት ይልካታል። በሩ ክፍት ነው፣ የሚመልስ ሰው የለም። ወደ ውስጥ ስትገባ መተላለፊያው ግራና ቀኝ በስዕል ደብተር ተሞልቷል። በግድግዳው ልክ ተደርድሮ፣ ተቆልሎ። እኔ ሲኒማውን አቁሜ ነው ያየሁት።

ሕሊና፦ ያ ኮሪደር ስለ ተሰጥኦ የምናወራውን ወሬ ሁሉ ይዘጋዋል። ፉጂኖ ለሁለት ዓመት «ይቺ ልጅ ሲፈጥራት ነው» ብላ ልትጽናና ትችል ነበር። እዚያ ስትደርስ ያገኘችው ግን ከእሷ የበለጠ የሠራች ልጅ ነው። ወረቀቱ እዚያ አለ፣ መካድ አይቻልም።

ናትናኤል፦ እዚያው ቁጭ ብላ በክዮሞቶ የምትቀልድ ባለ አራት ሳጥን ካርቱን ትስላለች። ወረቀቱ ያመልጣትና በክፍሉ በር ሥር ሾልኮ ይገባል። ደንግጣ ትሮጣለች። ክዮሞቶ በሩን ከፍታ ከኋላዋ እየሮጠች ትወጣለች። ስንት ዓመት ያልወጣች ልጅ! በዚያ በሰሜኑ የገጠር አነጋገሯ «ፉጂኖ ሰንሰይ!» ትላታለች። ጃፓኖች ታዋቂ የማንጋ ሠሪን የሚጠሩበት ማዕረግ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አንባቢዋ ነበረች። የለበሰችውን ጥጥ ያለው ካፖርት አዙራ ጀርባዋ ላይ ፈርሚልኝ ትላታለች። ከዚያ «ለምን አቆምሽ?» ስትላት ፉጂኖ ትዋሻለች፤ «ለትልቅ ውድድር እያዘጋጀሁ ስለሆነ ነው» ትላለች።

ሕሊና፦ አሁን ወደ ዝናቡ ደረስን። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ይሄን እኔ ልናገረው። ከክዮሞቶ ጋር ስትሰነባበት መጀመሪያ ኮራ ብላ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ትራመዳለች። ዝናብ ይጀምራል። ቀስ በቀስ እርምጃዋ ይሰፋል። ክንዶቿ ይወዛወዛሉ። ከዚያ መዝለል ትጀምራለች፣ ግን ዳንስ አይደለም፣ ደስ የሚል አካሄድም አይደለም። ጉልበቷን ከፍ አድርጋ ኩሬውን ትረግጣለች፣ ሰውነቷ የሚሆነውን አጥቷል። ቃል የለም። ቤት ስትደርስ ሰውነቷን እንኳ ሳታደርቅ ጠረጴዛዋ ላይ ትቀመጣለች፣ መሳል ትጀምራለች። ናቲ፣ እኔ አኒሜሽን ለምን እንደተፈጠረ የገባኝ እዚህ ነው። ተዋናይ ይሄን ሲሠራው ይጋነናል፤ በእጅ ሲሳል ግን እውነት ሆነ።

ናትናኤል፦ የአሳሳሉም ነገር አለበት። ብዙ ጊዜ አኒሜ ሲሠራ ዋናው አኒሜተር ቁልፍ ቁልፎቹን ስዕሎች ይስላል። ከዚያ ሌሎች መስመሩን አጽድተው፣ አንድ ዓይነት አድርገው፣ መሃሉን ይሞሉታል። የመጀመሪያው ሰው እጅ ይጠፋል። ኦሺያማ እዚህ ያንን አልፈለገም። የእርሳሱ ሻካራነት፣ የመስመሩ መወፈርና መቅጠን ስክሪኑ ላይ እንዲቀር አደረገ። ጽሑፉ የእሱ፣ የገጸ ባሕርያቱ ንድፍ የእሱ፣ ከስዕሉም በጣም ብዙውን ራሱ ነው የሳለው። ስቱዲዮ ዱሪያን የሚባለው የእሱ ስቱዲዮ ትንሽ ነው። እሱም ዝም ብሎ የመጣ ሰው አይደለም፤ «ፍሊፕ ፍላፐርስ» የሚባለውን ተከታታይ አኒሜ ዳይሬክት ያደረገው እሱ ነው።

ሕሊና፦ ስለ እጅ ሥራ የሚያወራ ፊልም እጁን አልደበቀም። ይሄን እወዳለሁ።

ናትናኤል፦ ከዚያ በኋላ አብረው መሥራት ይጀምራሉ። ፉጂኖ ታሪኩንና ሰዎቹን፣ ክዮሞቶ ከኋላ ያለውን ዓለም። ውድድር ያሸንፋሉ፣ ሽልማታቸውን ይዘው ከተማ ይወጣሉ። ፉጂኖ ትቀድማለች፣ ክዮሞቶ እጇን ይዛ ትከተላለች።

ሕሊና፦ የዚያን ቀን ክዮሞቶ የምትላትን ያዙልኝ፤ «ከክፍሌ ስላወጣሽኝ አመሰግናለሁ» ትላታለች።

ናትናኤል፦ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርሱ ቋሚ ሥራ ይመጣላቸዋል። ክዮሞቶ ግን እምቢ ትላለች። የስዕል ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ በራሷ መቆም ትፈልጋለች። ፉጂኖ መጥፎ መጥፎ ነገር ትናገራታለች፤ «ሰው ማናገር እንኳ የማትችይ» ዓይነት። ይለያያሉ። ፉጂኖ ብቻዋን ታዋቂ ትሆናለች። ከዚያ በ2016 ዜና ይመጣል። አንድ ሰው ዩኒቨርሲቲው ገብቶ ተማሪዎቹን አጠቃ። ክዮሞቶ ከሞቱት አንዷ ናት።

ሕሊና፦ እዚህ ጋ ጃፓኖች ያዩትን ነገር መናገር አለብን። ሐምሌ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው «ኪዮቶ አኒሜሽን» የሚባለውን የአኒሜ ድርጅት ስቱዲዮ አቃጠለ። 36 ሰዎች ሞቱ። ሥራዬን ሰረቁኝ የሚል ሰው ነበር። የፉጂሞቶ ማንጋ የወጣው ልክ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በማግስቱ ነው፤ ሐምሌ 19 ቀን 2021። አንባቢው ወዲያው አገናኘው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ሲስሉ የሞቱ ሰዎች ናቸው፤ ያ ሐዘን ገና ትኩስ ነበር።

ናትናኤል፦ ትችትም መጥቷል። አጥቂው የተሳለበት መንገድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ይጎዳል ተብሎ በነሐሴ 2021 አንዳንድ ገጾች ተቀይረዋል። ትችቱ ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ፉጂሞቶ ራሱ ደግሞ ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ኢሺኖማኪ የምትባል ከተማ ሄዶ በበጎ ፈቃድ ሠርቷል። ያኔ የተሰማው አቅመ ቢስነት አብሮት እንደቆየ ጽፏል። ሰው ሲያልቅ ስዕል ምን ይጠቅማል? ፊልሙ ውስጥ ፉጂኖን የሚበላት ጥያቄ እሱ ነው።

ሕሊና፦ ከቀብሩ በኋላ ክዮሞቶ በር ፊት ለፊት ትቆማለች፣ ያቺን የድሮ ካርቱን ታገኛለች። «እኔ ባልስላት ኖሮ አትወጣም ነበር፣ ባትወጣ ኖሮ አትሞትም ነበር» ብላ ትቀደዋለች። ያ «ስላወጣሽኝ አመሰግናለሁ» የተባለው ምስጋና ተገልብጦ ክስ ሆነባት። ሰው የሞተበት ሁሉ ይሄን ስሌት ያውቀዋል።

ናትናኤል፦ የተቀደደው ቁራጭ በሩ ሥር ይገባል፣ ወደ ድሮው ጊዜ ያልፋል። እዚያ ክዮሞቶ ያን ቀን ከክፍሏ አትወጣም፣ ከፉጂኖ ጋር አይተዋወቁም። አጥቂው ሲመጣ ካራቴ የተማረችው ፉጂኖ ደርሳ ታድናታለች። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ እዚህ ጋ ተቃውሞ አለኝ። እንዲህ ያለ ሐዘን ላይ በሕልም ማዳን ቀላል መውጫ ይመስለኛል።

ሕሊና፦ አልስማማም። እስቲ ደግመህ እየው። በዚያኛው ዓለም ክዮሞቶ ያለ ፉጂኖም ከክፍሏ ወጥታለች! ያለ ማንም እጅ እዚያው ዩኒቨርሲቲ ደርሳለች። የወሰዳት የስዕል ፍቅሯ ነው። ፉጂኖም በዚያ ዓለም መሳል ጀምራለች፣ «ተከታታይ ሥራ ካገኘሁ ረዳቴ ትሆኛለሽ» ትላታለች። በየትኛውም መንገድ ቢሄዱ ጠረጴዛው ጋ ይገናኛሉ። ስለዚህ ትዕይንቱ የመጣው ክሱን ሊያነሳላት ነው። «አንቺ አልገደልሻትም» የሚል ሰው አጠገቧ አልነበረም፤ ታሪኩ አላት።

ናትናኤል፦ እንደዚያ ስትይው... እሺ፣ ማዳኑን ሳይሆን ዩኒቨርሲቲ መድረሷን ነው ማየት ያለብኝ። ያም ሆኖ ውጊያው ረዝሞብኛል።

ሕሊና፦ ውጊያውን ልተውልህ። ለእኔ ፊልሙ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ፉጂኖ ማንጋ መሳል ደስ አይልም፣ አሰልቺ ነው፣ ማንበብ ይሻላል ስትል ትዝ ይላታል። ክዮሞቶ «ታዲያ ለምን ትስያለሽ?» ትላታለች። መልሱ በቃል አይመጣም። የሚመጣው የክዮሞቶ ፊት ነው፤ ረቂቁን ስታነብ፣ ስትስቅ፣ ስታለቅስ። አንዲት አንባቢ። ሽልማት አይደለም፣ ሕዝብ አይደለም። እዚያ ክፍል ውስጥ ገጹን የምትጠብቅ አንዲት ልጅ።

ናትናኤል፦ የዩሚ ካዋይና የሚዙኪ ዮሺዳ ድምፅም እዚህ ነው የሚሠራው። ካዋይ ፉጂኖን፣ ዮሺዳ ክዮሞቶን። ዮሺዳ የምትንተባተብበት መንገድ ልብ ይነካል። የሃሩካ ናካሙራን ሙዚቃ ግን አንዳንድ ቦታ በዝቶብኛል፤ ዝም ቢል ይሻል ነበር።

ሕሊና፦ በዚያ እስማማለሁ። በ2025 የጃፓን አካዳሚ የዓመቱ ምርጥ አኒሜሽን ተብሎ መሸለሙን ስሰማ ግን ደስ ብሎኛል። ለ58 ደቂቃ ፊልም ቀላል አይደለም።

ናትናኤል፦ የሚጠይቁን ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ ማንጋው ይቅደም ፊልሙ? እኔ ፊልሙ እላለሁ። የዝናቡን ጉዞ ሳታውቁት ብታዩት ይሻላል።

ሕሊና፦ እኔ ደግሞ ማንጋው እላለሁ። በዝግታ፣ በራሳችሁ ፍጥነት ገልጣችሁ፣ ከዚያ እንዴት እንዳንቀሳቀሱት እዩ። ሁለተኛው፣ ልጆች ይዩት ወይ የሚል ነው። ስለ ልጆች ስለሆነ ለልጆች የተሠራ እንዳይመስላችሁ፤ የጥቃቱ ትዕይንት ከባድ ነው። ከፍ ላሉት፣ በተለይ ስዕል ለሚወዱት፣ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ እዩላቸው። የእነሱንም ደብተር ገልጣችሁ ጠይቋቸው።

ናትናኤል፦ አይታችሁ የውጊያው ነገር ከማን ጋር እንደሆናችሁ ጻፉልን። በሚቀጥለው ሳምንት እንገናኝ።

ሕሊና፦ ደህና ሰንብቱ።