እሱ ሦስት፣ እኔ አንድ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔው ብቻዬን ነኝ። ከደብረ ማርቆስ፣ ከመኝታ ቤቴ ነው የምቀዳው። ዶሮ ከጮኸ የጎረቤት ነው፤ ታገሡኝ።

ብዙዎቻችሁ ስለ ኩላሊቱ አውሪን ስትሉኝ ከርማችኋል። ለታላቅ ወንድሜ አንድ ኩላሊቴን ሰጥቻለሁ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «እንዴት ጨከንሽ?» ብሎ ነው። እሱ እንኳ ቀላሉ ነበር። ወንድሜ ባሕር ዳር ቤት ተከራይቶ፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት እጥበት ላይ፣ ደሙ በማሽን እየተጣራ ሲውል ያየ ሰው ብዙ ማሰብ አያስፈልገውም። ድሮ መንገዱ ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ግን አዲስ አበባ፣ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ኩላሊቱ የሚወሰደው በሕይወት ካለ ዘመድ ነው። የአንድ እናትና አባት ልጆች በሕብረ ሕዋስ (ቲሹ) ዓይነት ሙሉ ለሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው አሉን። ተመረመርን፤ የገጠመው የእኔ ሆነ። በቃ።

እኔ ማውራት የፈለግሁት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ሰው ሲታመም ኦፕራሲዮን ይደረጋል፤ ከዚያ ይድናል። የተለመደው ይሄ ነው። እኔ ግን ጤነኛ ሆኜ ገብቼ በሽተኛ ሆኜ ወጣሁ። ወንድሜ ደግሞ በተቃራኒው። አዲሱ ኩላሊት ደሙን ማጣራት ሲጀምር፣ ያ ጠቁሮ የነበረው ፊቱ ወዝ እያገኘ መጣ። እኔ በግራ ጎኔ፣ ከጎድን አጥንቴ ሥር ተሰፍቼ፣ ትራስ ታቅፌ ተኝቻለሁ። ትራሱ ለሳል ነው። ትራሱን ቁስሉ ላይ ጫን ሳያደርጉ መሳል አይሞከርም። ማስነጠስማ አታንሱብኝ።

በነገራችን ላይ ብዙ ጊዜ የሚወሰደው የግራው ነው፤ የደም ሥሩ ረዘም ስለሚል ለመትከል ይመቻል። የወንድሜን የድሮ ሁለት ኩላሊቶች ደግሞ አላወጧቸውም። እዚያው ባሉበት ትተው የእኔን ከሆዱ በታች በኩል አስቀመጡት። ስለዚህ አሁን እሱ ሦስት፣ እኔ አንድ። የአባታችን ርስት ሲከፈል እንኳ እንዲህ አላዳላም ነበር።

ሆስፒታል ሳለን ቤተሰቡ ሁሉ የሚያወራው ስለ ሽንት ብቻ ነው። እየተለካ ይመዘገባል። «ስንት ወረደለት?» ይባላል። አጎቴ ስልክ ደውሎ ጎጃም ላሉት ሲያበስር ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቶታል፤ «ሸና! ሸና!» እያለ። እናቴ እልል ልትል ነርሷ አፏን ያዘቻት። እኔን ደግሞ ጠዋት ማታ የሚጠይቁኝ «ጋዝ ወጥቷል?» ብለው ነው። ከማደንዘዣውና ከሕመም ማስታገሻው የተነሳ አንጀት ይተኛል፤ እስኪነቃ ምግብ አይፈቀድም። የእኔ የወጣ ቀን እልል ያለ የለም።

ከሆስፒታል ወጥተን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ሰነበትን። ወንድሜ ለክትትል እዚያው ቀረ፤ እኔ ወደ ማርቆስ ተመለስኩ። የዓባይ በረሃን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ እንደገና ሽቅብ እስከ ደጀን። ትራሴን በቀበቶውና በጎኔ መሃል ወትፌ ተቀምጫለሁ። መኪናው በታጠፈ ቁጥር ስፌቱ የሚተረተር ይመስለኛል። ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ «እርጉዝ ነሽ እንዴ?» አለኝ። «ወልጄ ነው» አልኩት።

ውሸት አልነበረም ማለት ይቻላል። ቤት ስገባ እናቴ የጠበቀችኝ በአጥሚት ነው። ገንፎ፣ ቅቤ፣ ጀርባዬ ላይ ጋቢ። ለጋሽ እንዴት እንደሚታረስ ማንም ስለማያውቅ ወላድ አደረጉኝ። ጨው ቀንሱ፣ ውኃ ስጧት የሚለውን የሐኪም ትእዛዝ ለማስረዳት ብዙ ደክሜያለሁ። ጾም ገብቶ ስለነበር የንስሐ አባቴን ጠየቅኋቸው። «ውኃውን በጠዋት ጠጪ፤ ሐኪምሽ እስኪፈቅድልሽ አትጾሚም» አሉኝ። ተገላገልኩ።

ጠያቂው ደግሞ ጎረፈ። እንደምታውቁት፣ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ሰውነቱ አዲሱን አካል እንዳይገፋው የመከላከል አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ይወስዳል። ስለዚህ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰው እንዲሰበሰብበት አይፈለግም። ወደ እሱ መሄድ የተከለከለ ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ድፎ ተይዞ ይመጣል፤ ቡና ይፈላል፤ ከዚያ ጥያቄው «እሱ እንዴት ነው?» ነው። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ ስለ ወንድሜ ጤና መግለጫ እሰጣለሁ። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ «አንቺማ ተመስገን፣ ጤነኛ ነሽ!»

እንግዲህ ጤነኛዋ ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ማንሳት አትችልም። ከአምስት ኪሎ በላይ አታንሺ ተብላለች። የጎረቤት ልጅ ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ሲያልፍ ቁጭ ብላ ታያለች። አንድ ክፍለ ጊዜ ቆማ ብታስተምር ላብ ያጠምቃታል። ቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ደግሞ ደንዝዟል፤ በጣቴ ስነካው የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ፤ እስካሁንም እንደዚያው ነው። ራሴን ሲያመኝ እንደ ድሮው አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ መዋጥ ቀረ፤ ኩላሊት ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል ብቻ። የቀረው ኩላሊት ቀስ በቀስ ተለቅ ብሎ ሥራውን ይጨምራል፤ የሁለቱን አቅም ወደ 70 በመቶ ገደማ ይሸፍናል። ግን ጊዜ ይፈልጋል።

አንድ ከሰዓት በኋላ ያለምንም ምክንያት አለቀስኩ። እናቴ ደንግጣ «ምን ጎደለብሽ ልጄ?» አለችኝ። «አንድ ኩላሊት!» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ስፌቴን ወጋኝ፤ እንደገና አለቀስኩ። በኋላ ሐኪሜ እንደነገረኝ፣ ከሰጡ በኋላ መከፋት ብዙ ለጋሾች ላይ ይታያል። ይህን ቀደም ብሎ የነገረኝ ቢኖር ጥሩ ነበር።

ከቁስሉ ይልቅ የከበደኝ ግን ወንድሜ ነው።

ታላቄ ነው። ድሮ «አንቺ ልጅ፣ ያንን ውኃ አቀብዪኝ» የሚለኝ ሰው ነበር። ሲድን እኔ ስገባ ከመቀመጫው መነሣት ጀመረ። ያልኩትን ሁሉ «እሺ እታለም» ይላል። ማር ይልካል፤ ጤፍ ይልካል፤ በግ ይልካል። ይሄን ሁሉ ዝም አልኩ። ከዚያ ለዓመታት ስንጨቃጨቅባት የኖርንባት የአባታችን የባሕር ዛፍ መሬት አለች፤ ጠርቶ «ያንቺ ትሁን» አለኝ። ደሜ ፈላ። «ኩላሊቴን ሸጥኩልህ እንዴ ጋሼ? ደግሞ መሸጥ በሕግም ክልክል ነው!» አልኩት። አንገቱን ደፋ። «ምን ልክፈልሽ ታዲያ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ውለታ ያለበት ሰው ፊት መቀመጥ እንዲህ እንደሚያፍን አላውቅም ነበር። እኔ የምፈልገው ያንን የሚቆጣኝን ወንድሜን ነው።

አሁን ትንሽ ተሽሎታል፤ ማለቴ ጠባዩ። መድኃኒቱ ጠዋትና ማታ ሰዓቱን ጠብቆ የሚዋጥ ነው፤ ዕድሜ ልክ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደውዬ «ዋጥክ?» እለዋለሁ። ባለፈው ስደውል ገና ስልኩን ከማንሳቱ፣ «ኧረ አንቺ ሴትዮ ተይኝ! ኩላሊቷን ሰጥታ ሰዓት እላፊ ልታውጅብኝ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸብኝ። ስልኩን ዘግቼ ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም «አይ፣ አሁን ድኗል» አለች።

በሚቀጥለው ወር ሁለታችንም ለምርመራ አዲስ አበባ እንወርዳለን። እኔ ደም ግፊት፣ ክሪያቲኒን (ኩላሊት እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚያሳየው የደም ምርመራ)፣ ሽንት፤ እሱ ደግሞ የራሱ ረጅም ዝርዝር አለው። የመኪናውን ማን ይክፈል የሚለው ገና አልተስማማንበትም።