አራት ኮርድና አንድ የተሰበረ ድምፅ፦ የክራንቤሪስ ሁለተኛ አልበም

[ጥቁር ስክሪን። ጊታር ብቻ ይሰማል።]

ክራንቤሪስ የሚባለው የአየርላንድ ባንድ የሠራውን «ዞምቢ» የሚለውን ዘፈን ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ርዕሱን ብትረሱት እንኳ ያቺን «ዞምቢ» የምትለውን ቃል እየሰባበረች የምትጮኸውን ሴት አትረሷትም። እኔ ልጅ ሆኜ ስለ አስፈሪ ፊልም የተዘፈነ ይመስለኝ ነበር። ጉዳዩ ሌላ ነው።

[ካርታ፦ እንግሊዝ፣ ዋሪንግተን]

እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1993። ቅዳሜ ነው። በማግስቱ እንግሊዞች የእናቶችን ቀን ያከብራሉ፤ ሰዉ ገበያ ወጥቷል። የአየርላንድ ሪፐብሊካን ጦር፣ በአጭሩ አይአርኤ፣ የእንግሊዝን አገዛዝ ከሰሜን አየርላንድ ለማስወጣት የሚዋጋው ታጣቂ ቡድን፣ መንገድ ዳር ባሉ የቆሻሻ መጣያዎች ውስጥ ሁለት ቦምብ ቀብሯል። ቦምቦቹ ፈነዱ። አንድ የ3 ዓመት ሕፃን እዚያው ሞተ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ ደግሞ ከ5 ቀን በኋላ አረፈ።

የባንዱ ዘፋኝ ዶሎሬስ ኦሪየርዳን ያኔ 21 ዓመቷ ነው። የአየርላንድ ልጅ ናት፣ ከሊመሪክ አካባቢ። ቦምቡ የፈነዳው በአገሯ ስም ነው። ነገሩ አንገበገባትና ዘፈኑን ብቻዋን ጻፈችው። ግጥሙ ውስጥ 1916ን ትጠራለች። ደብሊን ላይ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ የታመፀበት ዓመት ነው። ከዚያ ወዲህ ያው ጭንቅላት፣ ያው ጦርነት ማለቷ ነው። ዞምቢው፣ ሞቶም የሚንቀሳቀሰው ሬሳ፣ እሱ ነው።

[የልምምድ ክፍል ሥዕል]

ስለ ባንዱ ትንሽ ልበል። ኖኤል ሆጋን ጊታር፣ ወንድሙ ማይክ ቤዝ፣ ፈርጋል ሎውለር ድራም። በ1990 ዘፋኛቸው ሲለቅ ዶሎሬስ ኪቦርዷን ተሸክማ ልትፈተን መጣች። የኖኤል ኮርዶች (አንድ ላይ የሚመቱ የጊታር ድምፆች) የተቀዱበትን ካሴት ይዛ ቤቷ ገባች፤ ግጥምና ዜማ ሠርታላቸው ተመለሰች። «ሊንገር» የሚባለው ዘፈናቸው የተወለደው እንዲህ ነው። ፈተናውን አለፈች ማለት ነው።

[የጊታር ኮርዶች በስክሪኑ ላይ]

አሁን «ዞምቢ»ን እንፍታው። ኢ ማይነር፣ ሲ፣ ጂ፣ ዲ። አለቀ! ጊታር የጀመረ ልጅ በሳምንት ይለምደዋል። እነዚሁ አራት ኮርዶች ከዳር እስከ ዳር ይመላለሳሉ። ታዲያ ለምን አይሰለችም?

አንደኛ፣ ስንኙ ላይ ጊታሩ ለስለስ ይላል። አዝማቹ ሲደርስ ዲስቶርሽን ይገባል። ዲስቶርሽን ማለት ከጊታሩ የሚወጣው የኤሌክትሪክ ሲግናል ከአቅም በላይ ሲጫን የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፤ ጆሯችን ላይ የሚቀደደው እሱ ነው።

ዋናው ግን ጉሮሮዋ ነው። ማንም ሰው ከደረት ድምፁ ወደ ላይኛው ቀጭን ድምፅ ሲሻገር መሐል ላይ አንድ ስንጥቅ አለ። ሞክሩት፣ ታገኙታላችሁ። የድምፅ አስተማሪ ያንን ስንጥቅ እንድትደብቁት ነው የሚያስተምራችሁ። ዶሎሬስ ሆን ብላ እላዩ ላይ ትመላለሳለች። ቃሉ ሁለት ቦታ ይሰበራል፤ መሰበሩ ራሱ ዜማ ይሆናል።

አየርላንዶች በድሮ ጊዜ ለቅሶ ቤት ሙሾ የሚያወርዱ ሴቶች ነበሯቸው። የእኛን አገር አስለቃሽ የሰማ ሰው ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቃል ሲያልቅባት ድምፅ ብቻ ታወጣለች፤ ያን ጊዜ ነው ሰው የሚያለቅሰው። እኔ «ዞምቢ»ን ከሮክ ይልቅ እንደ ሙሾ ነው የምሰማው።

[የአልበሙ ሽፋን፦ ነጭ ክፍል፣ አንድ ሶፋ፣ አራት ሰዎች]

አልበሙ «ኖ ኒድ ቱ አርግዩ» ይባላል፤ መጨቃጨቅ አያስፈልግም እንደማለት። ያን ሁሉ ጩኸት ለያዘ አልበም የሚያስቅ ስም ነው። በኦክቶበር 1994 ወጣ። ፕሮዲውሰሩ ስሚዝስና ብለር ከሚባሉት የእንግሊዝ ባንዶች ጋር የሠራው ስቲቨን ስትሪት ነው።

አልበሙን ስትከፍቱ ግን ሮክ አይጠብቃችሁም። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ቤተሰብ ነው፤ እንደ እሹሩሩ በለሆሳስ ይጀምራል። ከ13ቱ ዘፈኖች «ዞምቢ» አራተኛ ላይ ነው። ሦስቱ ቀስ እያሉ ወስደው እሱ ላይ ይጥሏችኋል። ለብቻው ስትሰሙት ይህ ያመልጣችኋል።

ሰባተኛውንም አትዝለሉት። «ዘ አይሲክል ሜልትስ» ይባላል። ጋዜጣ ላይ ስለተወሰደ ሕፃን ያነበበች ሴት፣ ምነው ባላነበብኩት ትላለች። ኀዘኑ ያው ነው፣ ጩኸቱ ግን የለም። ለእኔ ከ«ዞምቢ» ይልቅ የሚከብደው ይሄኛው ነው።

ዶሎሬስ በጃንዋሪ 2018፣ በ46 ዓመቷ ለንደን ውስጥ አረፈች። በዚያው ሰሞን ባድ ዉልቭስ ለሚባል ባንድ «ዞምቢ»ን እንደገና ልትዘፍን ቀጠሮ ይዛ ነበር።

[ሙዚቃው ይቀንሳል]

የአልበሙ የመጨረሻ ዘፈን ላይ ድራም የለም። የጊታር ጩኸትም የለም። ኦርጋንና እሷ ብቻ ናቸው። ልጅ ሆና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኦርጋን ትጫወት ነበር። በጆሮ ማዳመጫ ስሙት፣ መብራት አጥፍታችሁ።