የእናቴ ደብተር፣ የእህቴ ጣሳ

የተከበራችሁ የእድራችን አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ጎረቤቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ!

የሂሳብ ሪፖርቱ ተሰምቷል፣ የቀሪዎችም ቅጣት ተነቧል። ሰብሳቢያችን ቡናው እስኪፈላ ድረስ አጭር ጊዜ ሰጥተውኛል። ስለ ባልትና ደብተር ላወራችሁ ነው። «ወንድ ልጅ ስለ ወጥ ምን ያውቃል?» የምትሉ እንዳላችሁ ይገባኛል። አልከራከርም። ደብተሩ ግን እኔ ዘንድ ነው ያለው።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም ሲጀመር ጎልማሳ ሴት ነበረች። ከዚህ መሀልም ያኔ ያስተማረም የተማረም አይጠፋም። አገራችን በዚያ ዘመቻ ከዩኔስኮ ተሸልማለች። ለእኛ ቤት ግን ትልቁ ሽልማት ሌላ ነበር። እናቴ ሰርተፍኬቷን ግድግዳ ላይ ሰቀለች፣ ከሱቅ ደብተር ገዛች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የበርበሬ አዘገጃጀት ጻፈች።

በርበሬ ማዘጋጀት አሳምራ ታውቃለች። ታዲያ ለምን ጻፈችው? ለልጆቿ አስባ ነው ብል ደስ ባለኝ። ነገር ግን የእድር ክፍያውም፣ የሱቅ ዱቤውም፣ እቁብ የደረሰው ሰው ስምም እዚያው ደብተር ላይ ነው ያለው። መጻፍ ስለቻለች ጻፈች፣ በቃ።

የዶሮ ወጡን ገጽ ላሳያችሁ። ከኋላ የተቀመጣችሁ አይታያችሁም፤ ስለዚህ ልንገራችሁ። ዳር ዳሩ በእርድ ቢጫ ሆኗል። መሀሉ ላይ ቅቤ ጠብ ብሎበታል። ቅቤ የነካው ወረቀት ያሳልፋል አይደል? ከጀርባ ያለው የዱቤ ሂሳብ ወደዚህ ይታያል። «ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላዪ» ከሚለው ሥር «ስኳር 2 ኪሎ፣ ላምባ 1 ሊትር» ይነበባል። በእርሳስ ጀምራ በሰማያዊ እስክሪብቶ ጨርሳዋለች። ኋላ ደግሞ በቀይ የጨመረችው አለ፦ «በርበሬው ከገባ በኋላ ስልክ ቢጠራም አትሂጂ።» ዝቅ ብሎ፦ «መከለሻ አታብዢ፣ ሰው ይታዘብሻል።» ትእዛዙ ሁሉ ለእህቴ ነው። የምታዘዘው እኔ ነኝ።

ዛሬ ስልክ ከፍቶ ዶሮ ወጥ መሥራት ይቻላል። እውነቱን ለመናገር ከእናቴ አሳምረው የሚያስረዱ ሞልተዋል። አሥራ ሁለቱን ብልት አንድ በአንድ ያሳዩሃል። ግን አንዳቸውም ሰው እንዳይታዘብህ አይጨነቁልህም።

ሰው ሲሞት ለቅሶ መድረስ እናውቅበታለን። ድንኳን እንተክላለን፣ ንፍሮ እንቀቅላለን፣ እናስተዛዝናለን። የእድራችን ሥራ ይኸው ነው፣ አኩርቶናልም። ችግሩ የሚመጣው ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ፋሲካ ይደርሳል። ዶሮው ተገዝቷል፣ ሎሚና ጨዉ ቀርቧል፣ «ይበቃል፣ አንዴ ደግሞ እጠበው» የሚል ሰው የለም። ያኔ ነው ደብተሩን ያወጣሁት። «አንዴ ደግሞ እጠቢው» ይላል፣ ሁለት ቦታ ላይ። የዚያን ቀን እንዲህ የሚያጽናና ነገር አልገጠመኝም።

እዚህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም የመጣን ሰዎች ብዙ ነገር ጥለን ነው የመጣነው። ሙቀጫው አራተኛ ፎቅ አይወጣም ተብሎ ቀረ። ማዕድ ቤቱ ሁለት ሰው አያቆምም። ድሮ አንድ ግቢ ሳለን ልጅቷ ጎረቤት ማጀት ገብታ እያየች ትማር ነበር። እዚህ በር ይዘጋል። ኮሚናሉ፣ የጋራ መጠቀሚያ ቤታችን፣ ባይኖር ኖሮ እንጀራችን የት ይጋገር ነበር? ስለዚህ እኛ የዳር አገር ሰዎች ከመሀል ከተማው ይልቅ ደብተር ያስፈልገናል ባይ ነኝ።

ስልጆን ውሰዱ። የሱፍ ውሃና የባቄላ ዱቄት ቀጠን ተደርጎ ይበስላል፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ ይገባበታል፣ ተከድኖ ቀናት ይቆያል። ዐቢይ ጾም ሲመጣ ስንት ቤት ይሠራል? እጃችሁን አታውጡ፣ አውቀዋለሁ። እኛ ቤት የሚሠራው ገጹ ስላለ ብቻ ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። እኔ ይህን ተረት ግማሹን ነው የምቀበለው። የእናቴ መለኪያ ጣሳ ነበር። ግራም፣ ኪሎ ብሎ ነገር ቅመም ላይ የለም። «ኮረሪማ በጣሳዋ ሁለት፣ ጥቁር አዝሙድ በጣሳዋ አንድ ጎደል።» ጣሳዋ የዱቄት ወተት ጣሳ ናት፤ ጽሑፉ ተፍቆ አልቋል፣ ጠርዟ በአንድ በኩል ታጥፏል። ያለችው አዳማ፣ እህቴ ቤት ነው።

በርበሬውን የምታዘጋጀው እህቴ ናት፣ ማስጫ ግቢ ስላላት። ዛላው ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ፣ ከጤና አዳሙና ከበሶብላው ጋር ሲደለዝ ሰላም ነን። ደረቅ ቅመሙ ላይ ስንደርስ ትደውላለች።

«ስንት ትላለች?»

«በጣሳዋ ሁለት፣ ግን ሞልቶ አይደለም።»

«ሞልቶ አይደለም ማለት እስከ የት ነው?»

እዚህ ላይ እንጣላለን። እኔ ጣሳዋን አላይ፣ እሷ ደብተሩን አታይ። የገጹን ፎቶ በቴሌግራም ልኬላታለሁ፣ ስልኳ ውስጥ አለ። አትከፍተውም። ትደውላለች እንጂ። እኔም ጣሳዋ ስንት ግራም እንደምትይዝ መዝኚ ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ብትመዝን እኮ በአንድ ቀን እንገላገል ነበር። ከበርበሬው ወደ ልጆቹ ትምህርት፣ ከልጆቹ ወደ ጉልበቷ ሕመም እንሻገራለን፣ ካርድ ሲያልቅ ስልኩ ይዘጋል።

ስለዚህ ውርስ ስታስቡ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሁሉንም ለአንድ ልጅ አትስጡ። ለአንዱ ደብተሩን፣ ለአንዷ ጣሳውን፣ ለሌላው ምጣዱን ስጡ። ትንሽ ይነታረካሉ፣ ግን ይደዋወላሉ። ደብተሩን ደግሞ ከምድጃ አርቁት፤ ፌስታል ውስጥም አትቋጥሩት፣ እርጥበት ያፍናል። «ተበላሽቷልና በንጹሕ ልገልብጠው» ብሎ አሮጌውን የሚጥል ልጅ ካላችሁ፣ ለእኔ ላኩት።

ቅዳሜ ከሰዓት ኮሚናሉ ክፍት ይሆናል። ደብተር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፣ እንተያያለን። የሌላችሁ እናቶች እንዲሁ ኑ፤ እናንተ ትናገራላችሁ፣ ልጆቹ ይጽፋሉ። ልጆች፣ እንደተነገራችሁ ጻፉ። «ቁንጥር» ካሏችሁ ቁንጥር ነው፣ ግራም አትጠይቁ። ስድብ ቢያስገቡም ጻፉት። አባቶችም ብትመጡ ማንም አይስቅባችሁም፣ ወይም ትንሽ ነው የሚሳቅባችሁ።

እስክሪብቶና ደብተር ከእኔ። አመሰግናለሁ።