60,000 ፖይንት አላችሁ፤ ስንት ዶላር ነው?

[ስክሪኑ ላይ፦ 60,000 የሚል ቁጥር ብቻ]

እሺ፣ ክሬዲት ካርዳችሁ ላይ 60,000 ፖይንት፣ ማለትም በካርዱ በከፈላችሁ ቁጥር ባንኩ የሚሰጣችሁ ነጥብ፣ ተጠራቅሟል እንበል። ካርዱ የአሜሪካ ካርድ ነው፤ ፖይንቱን ወደ አየር መንገድና ወደ ሆቴል ማዛወር ከሚፈቅዱት ዓይነት። ስንት ዶላር አላችሁ?

ገና አልታወቀም። ፖይንቱ ለምሳሌ የአሜሪካን ኤክስፕረስ ከሆነ፣ የካርዱን ሒሳብ ለማቃለል ብታውሉት በአብዛኞቹ ካርዶች አንዱ ፖይንት በ0.6 ሳንቲም ነው የሚታሰበው፤ 360 ዶላር። በዚያው ባንክ የጉዞ ገጽ ገብታችሁ የአውሮፕላን ትኬት ብትቆርጡበት አንዱ 1 ሳንቲም ይሆናል፤ 600 ዶላር። ወደ አየር መንገድ አዛውራችሁ ደህና ወንበር ካገኛችሁበት ደግሞ ከሺህ ዶላር በላይ የሚሸጥ ትኬት ሊያወጣ ይችላል። ያው 60,000 ነው እኮ። አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ስለዚህ ዛሬ የምናወራው ስለ ፖይንቱ አወጣጥ፣ ማለትም ስለ አጠቃቀሙ ነው። "የቱ ካርድ ይሻላል?" የሚለውን እንተወው። በሱ ላይ ቪዲዮ ሞልቷል፤ ብዙዎቹን የሚሠሩት ደግሞ በነሱ ሊንክ ካርድ ባወጣችሁ ቁጥር ኮሚሽን የሚከፈላቸው ሰዎች ናቸው። ምክራቸው ሁሉ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። ግን ሁሌ "አዲስ ካርድ አውጡ" እንጂ "ያላችሁን ፖይንት ጨርሱ" የማይሏችሁ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

[ስክሪኑ ላይ፦ (የትኬቱ ዋጋ − ታክስ) ÷ ፖይንት × 100]

መጀመሪያ ሒሳቡ። በገንዘብ 620 ዶላር የሚሸጥ ትኬት አለ። በፖይንት ሲቆረጥ 25,000 ፖይንትና 20 ዶላር ታክስ ይጠየቅበታል። ከ620 ላይ 20ውን ቀንሱ፣ 600። ለ25,000 አካፍሉት፣ በ100 አባዙት፤ አንድ ፖይንት 2.4 ሳንቲም ገዛላችሁ። አሪፍ ነው። ያው ትኬት 70,000 ፖይንት ቢጠየቅበት ግን ከ1 ሳንቲም በታች ይወርዳል። ያን ጊዜ በገንዘብ ክፈሉና ፖይንቱን ተዉት።

ከስንት ሲያልፍ ነው ጥሩ የሚባለው? የኔ መነሻ ካሽባክ ነው፤ በፖይንት ፈንታ በገንዘብ የሚመለስላችሁ ማለት ነው። ዓመታዊ ክፍያ ሳይኖራቸው በማንኛውም ግዢ ላይ 2 በመቶ የሚመልሱ ካርዶች አሉ። በዶላር 1 ፖይንት የሚሰጥ ካርድ ይዛችሁ፣ ስትለፉ ከርማችሁ ፖይንቱን በ1.4 ሳንቲም ብታወጡት፣ ምንም ሳያስብ ካሽባክ ከሚሰበስበው ሰው አንሳችኋል ማለት ነው። ምግብ ቤት ወይም ጉዞ ላይ በዶላር 3 ፖይንት የሚሰጥ ከሆነ ሌላ ታሪክ ነው፤ 3 ጊዜ 1.4 ማለት 4.2 በመቶ ተመላሽ ነው። ይህ ንጽጽር ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ሲዘለል ደግሞ ሁሉም ፖይንት ትርፍ ይመስላል።

አሁን ትንሽ ሰው የሚያናድድ ነገር ልናገር። "ፖይንቴን በ5 ሳንቲም አወጣሁት" የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቢዝነስ ክላስ በረው ማለት ነው። ትኬቱ 4,000 ዶላር ይሸጣል፣ እነሱ 80,000 ፖይንት ከፍለዋል፣ ታክሱን ለጊዜው ብንተወው ሒሳቡ 5 ሳንቲም ይላል። ግን ፖይንት ባይኖራቸው ኖሮ ያንን 4,000 ዶላር ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር? አይከፍሉም። በ900 ዶላር ኢኮኖሚ ነበር የሚሄዱት። እንግዲያው የዳነላቸው 900 ዶላር ነው፤ ለ80,000 ሲካፈል 1.1 ሳንቲም ገደማ። ቀሪው ምቾት ነው። ምቾት መግዛት ነውር የለውም፤ ተኝቶ መሄድ ለሚችል ሰው ረጅም በረራ ላይ ትልቅ ነገር ነው። ግን የተዘረጋ ወንበር ገዛሁ በሉ እንጂ 4,000 ዶላር ቆጠብኩ አትበሉ።

[ስክሪኑ ላይ፦ ፖይንቱ ከየት ይመጣል?]

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ካላወቃችሁ ቀጣዩ ነገር አይገባችሁም። በካርድ በከፈላችሁ ቁጥር ሻጩ ከሽያጩ ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው 2 በመቶ አካባቢ፣ ለካርዱ ሥርዓት ይከፍላል። ትልቁ ድርሻ ካርዱን ለሰጣችሁ ባንክ ይደርሳል፣ ባንኩም ከሱ ላይ ቆንጥሮ ለናንተ ይመልሳል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ደንብ ይህንን ለባንኩ የሚደርሰውን ክፍያ በግለሰቦች ክሬዲት ካርድ ላይ 0.3 በመቶ ላይ ገደበው። እዚያ እንደ አሜሪካ ያለ የፖይንት ድግስ የማታዩት በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚቆነጠርለት ነገር የለም።

አየር መንገዶቹ ደግሞ ማይል፣ ማለትም የራሳቸውን ፖይንት፣ ለባንኮች ይሸጣሉ፣ በቢሊዮን ዶላር። እ.ኤ.አ. በ2020 ወረርሽኙ አውሮፕላኖችን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ዩናይትድ የማይል ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር ተበደረ። ዴልታ በዚያው ዓመት የራሱን አስይዞ 9 ቢሊዮን አገኘ። እና ማይሉን የሚፈጥረው ማነው? አየር መንገዱ። በማይል የሚሸጠውን ወንበር ዋጋ የሚያወጣውስ? ራሱ አየር መንገዱ። ገንዘቡን የሚያትመውም፣ የዳቦውን ዋጋ የሚለጥፈውም አንድ ባለሱቅ ነው። ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ ይግባኝ የምትሉበት ቦታ የለም።

ድሮ ቢያንስ ሠንጠረዥ ነበር። ከዚህ እዚያ ይህን ያህል ማይል ተብሎ ይለጠፍ ነበር። ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015 ሠንጠረዡን ከገጹ አነሳው። ዩናይትድ በ2019፣ አሜሪካን ኤርላይንስ በ2023 ተከተሉት። አሁን ዋጋው እንደ ቀኑና እንደ ገበያው ከፍ ዝቅ ይላል። ማይላችሁ አይቃጠልም ይሏችኋል፣ የዴልታና የዩናይትድ እውነትም ጊዜ አያልፍበትም፤ የመግዛት አቅሙ ግን በየጊዜው ይሳሳል። ገንዘብ ባንክ ብታስቀምጡ ወለድ ይወልዳል። ፖይንት አይወልድም። "ለጡረታዬ" ብሎ 400,000 ፖይንት ላይ የተኛ ሰው ካወቃችሁ ይህን ቪዲዮ ላኩለት።

[ስክሪኑ ላይ፦ ባንክ → አየር መንገድ። ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ ቀስት]

ወደ ማዛወሩ እንምጣ፤ ዋናው ጥቅምም ዋናው አደጋም ያለው እዚህ ነው። ፖይንታችሁ ባንኩ ውስጥ እስካለ ድረስ አማራጫችሁ ብዙ ነው። አንዴ ወደ አየር መንገድ ካዛወራችሁት አይመለስም። በስህተት ነው ብትሉም፣ ብትለምኑም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ ወንበሩን ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፣ በዚያው ፕሮግራም ገጽ ላይ በማይል እንደሚሸጥ በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ከዚያ ታዛውራላችሁ። አንዳንዴ ገጹ ላይ የሚታይ ነገር ግን ልትቆርጡት ስትሉ የማይገኝ ወንበር አለ፤ ብዙ ፖይንት ከሆነ ስልክ ደውላችሁ ብታረጋግጡ አይከፋም። አብዛኛው ዝውውር በደቂቃ ያልቃል፣ ቀናት የሚፈጁም አሉ።

"አንዳንዴ ሲያዛውሩ 30 በመቶ ቦነስ ይሰጣሉ፣ ያን ጊዜ ላዛውር?" የሚል ጥያቄ ይመጣል። የምትቆርጡት ትኬት ካለ፣ አዎ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ። ከሌለ ተዉት።

ቆንጆው ነገር ደግሞ ይኸውላችሁ። የአንዱን አየር መንገድ በረራ በሌላው አየር መንገድ ማይል መቁረጥ ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1997 በአምስት አየር መንገዶች የተመሠረተው ስታር አሊያንስ የሚባል የአየር መንገዶች ኅብረት ውስጥ ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ ሉፍታንዛ፣ ተርኪሽ፣ ሲንጋፖርና ሌሎችም አሉ። እና የዩናይትድ አውሮፕላን ላይ ያለ አንድ ወንበር በዩናይትድ ማይል አንድ ዋጋ፣ በኤር ካናዳ ፖይንት ሌላ ዋጋ፣ በተርኪሽ ማይል ደግሞ ሌላ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ያው አውሮፕላን፣ ያው ወንበር። የዴልታን በረራ በቨርጂን አትላንቲክ ፖይንት፣ የአሜሪካንን በብሪቲሽ ኤርዌይስ ፖይንት መቁረጥም ይቻላል። ከዋጋው በተጨማሪ አጋሩ የሚያየው ወንበር አየር መንገዱ ለራሱ ደንበኞች ከሚከፍተው ያነሰ ስለሚሆን፣ ቀናችሁ ሁለት ሦስት ቀን ወዲህ ወዲያ ማለት ከቻለ ዕድላችሁ ይሰፋል። ቀኔ አይነቃነቅም ለሚል ሰው ይህ ጨዋታ ብዙም አያዋጣውም፣ እውነቱን ለመናገር።

አንድ ወጥመድ አለ፦ "ነፃ" ትኬት ላይ የሚጨመር ክፍያ። የመንግሥት ታክስ የማይቀር ነው፣ ብዙ ጊዜም ትንሽ ነው። ግን አንዳንድ ፕሮግራሞች በሱ ላይ የነዳጅ ጭማሪ የሚሉትን ይደርባሉ። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በዚህ የታወቀ ነው፤ በለንደን በኩል በቢዝነስ ክላስ ስትበሩ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ዩናይትድ በራሱ ማይል ሲቆረጥ ይህን ጭማሪ አያስከፍልም። ቅድም ሒሳቡ ውስጥ "ታክሱን ቀንሱ" ያልኩት ለዚህ ነው፤ ካልቀነሳችሁት ቁጥሩ ይዋሻል።

ሆቴል ላይ ብዙ አልቆይም። የሆቴል ፖይንት ብዙውን ጊዜ ከባንክ ፖይንት የረከሰ ነው። የሂልተንም የማሪዮትም አንዱ በአማካይ ከ1 ሳንቲም በታች ነው የሚያወጣው፣ ስለዚህ ወደ እነሱ ከማዛወራችሁ በፊት ሁለቴ አስቡ። ሃያት ከነሱ ይለያል፤ ከቼዝ ባንክ አንድ ለአንድ ተዛውሮ ብዙ ጊዜ ከ1 ሳንቲም በላይ ያወጣል። ማሪዮት በፖይንት 5 ሌሊት ስታድሩ የ4ቱን ብቻ ያስከፍላል። ሃያትና ሂልተን ሙሉ በሙሉ በፖይንት በተቆረጠ ክፍል ላይ የሪዞርት ክፍያ የሚባለውን፣ ሆቴሉ ከክፍሉ ዋጋ በላይ የሚጨምረውን፣ አይጠይቁም፤ ይህ በቀን 40 እና 50 ዶላር በሚሄድባቸው ቦታዎች ቀላል አይደለም።

[ስክሪኑ ላይ፦ 3,000 ዶላር ዕዳ፣ 22 በመቶ ወለድ]

አሁን ቁም ነገር። የወሩን ሒሳብ በሙሉ ካልከፈላችሁ እስካሁን ያልኩት ሁሉ አይመለከታችሁም። የአሜሪካ ክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ ከ20 በመቶ በላይ ነው። 3,000 ዶላር ዕዳ በ22 በመቶ ሲንከባለል በወር 55 ዶላር ገደማ ወለድ ይበላል። ያንን 3,000 ዶላር ስታወጡ ያገኛችሁት ፖይንት ምናልባት 3,000 ነው፤ በደህና ቀን 45 ዶላር። አንድ ወር ብቻ ዕዳው ሲያድር ፖይንቱ ተበልቶ ያልቃል፣ ሁለተኛው ወር ከደሞዛችሁ ነው። ባንኩ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

አዲስ ካርድ ስታወጡ የሚሰጠው የመክፈቻ ቦነስም እንደዚሁ ነው። "በ3 ወር 4,000 ዶላር ካወጣችሁ" ይላል። ወጪው ያለ ቦነሱም የሚወጣ ከሆነ፣ ለምሳሌ የመኪና ኢንሹራንስ የዓመቱን በአንዴ መክፈል፣ በጣም ጥሩ ነው። ከዚህ የተሻለ ፖይንት የሚሰበሰብበት መንገድ የለም እንዲያውም። ቦነሱን ለመሙላት ብላችሁ የማትፈልጉትን ቴሌቪዥን ከገዛችሁ ግን ፖይንቱን በውድ ገዛችሁት። ውጭ አገር ስትሄዱ ደግሞ ካርዳችሁ በውጭ ግዢ ላይ ተጨማሪ ክፍያ እንዳለው እዩ። ብዙዎቹ 3 በመቶ ገደማ ይጨምራሉ፤ ፖይንቱን በልቶ ይተርፋል።

ጥቂት ሰው ብቻ የሚጠቀምበት ነገር ልጨምር። ትልልቆቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች በማይል የተቆረጠ ትኬት ስትሰርዙ፣ ከአሜሪካ ለሚነሳ ጉዞ፣ ባብዛኛው ማይሉን ያለ ቅጣት ይመልሱላችኋል፤ የአንዳንዱ ርካሽ ትኬት ግን የራሱ ሕግ ስላለው አንብቡት። ስለዚህ ደህና ዋጋ ስታዩ ዛሬ ቁረጡ፣ በየሳምንቱ ዋጋውን ደግማችሁ ተመልከቱ፣ ከቀነሰ በቀነሰው ቁረጡና የድሮውን ሰርዙ። የሚመለሰው ግን ወደ አየር መንገዱ አካውንት ነው፣ ወደ ባንኩ አይደለም።

በመጨረሻ፣ ዓመታዊ ክፍያው ደርሶ ካርዱን መዝጋት የምትፈልጉ ከሆነ። ወደ አየር መንገድ የተዛወረ ማይል ካርዱ ቢዘጋም ይቆያል። ባንኩ ውስጥ ያለው ግን፣ ያንን ፖይንት የሚሰበስብ ሌላ ካርድ ከሌላችሁ፣ ከካርዱ ጋር ሊጠፋ ይችላል፤ አሜሪካን ኤክስፕረስ ላይ ይጠፋል። ከመዝጋታችሁ በፊት ደውሉና ዓመታዊ ክፍያ ወደሌለው ካርድ ቀይሩልኝ በሉ። ብዙዎቹ ባንኮች ይቀይራሉ፤ አንዳንዴ እንዳትሄዱ ብለው ፖይንት የሚጨምሩላችሁም አሉ። ካልሆነ ግን መጀመሪያ ፖይንቱን አውጡት፣ ከዚያ ዝጉት።